በሞቴ የሌለበት ከርነል

ዘንድሮ ጳጉሜ ሦስት እሑድ ላይ ዋለና የሕንፃችን ከርነል መቀየሪያ፣ የሩፋኤል ዝናብ እና የኔ ሽማግሌዎች በአንድ ቀን መጡ። ሦስቱን ያገጣጠመው አባቴ ነው። አባቴ አቶ ኢዮስያስ የሕንፃችን እድር ሊቀመንበር ነው፤ ሥነ ሥርዓት ሲደራረብለት ጮቤ ይረግጣል።

በኛ ከተማ እድር የሌለው ሕንፃ የለም፣ የራሱ ከርነል የሌለው እድርም የለም። በደንቡ መሠረት እያንዳንዱ እድር በየዓመቱ ጳጉሜ ላይ አንድ ሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የሕንፃውን ኮምፒውተር የሚመራውን ዋና ፕሮግራም፣ ለራሱ አመል አስተካክሎ ይጭናል። አዲሱ ሲገባ አሮጌው ይሰረዛል። ከርነሉ ሲነሳ በር ይከፈታል፣ ውሃ ይወርዳል፣ ምድጃ ይሞቃል፣ ሊፍት ይወጣል፣ እኛም ነዋሪዎች እንባላለን። ካልተነሳ ሕንፃው በከተማው ዘንድ ባዶ ነው፤ ውስጡ ያለን ሰዎችም የለንም። አንድ ጊዜ ከታች ሰፈር ያለ ሕንፃ ሳይነሳ ሰነበተና ሲነሳ በየቤቱ ሌላ ሰው ተመዝግቦ ተገኘ። ሰዉ ትንሽ አጉረመረመና ለመደው።

ለኛ እድር ከርነሉን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ስሜ አስካለ ይባላል። የወላጆቻችን ትውልድ ራሱ ማክቤልና አሜን ተብሎ አደገና ለኛ የቅድመ አያቶቹን ስም ጎትቶ አወጣልን። ክፍላችን ውስጥ ሦስት አስካለዎች ነበርን።

ዘንድሮ ጠቅላላ ጉባኤው አንድ ነገር ካልተጨመረ ብሎ ወጥሮ ያዘኝ፤ አክብሮት። ሕንፃው ሰው አያከብርም ተባለ። በሩ ለሽማግሌም ለወጠጤም እኩል ይከፈታል፣ ሊፍቱ ሰው ገና እየተሰነባበተ በሩን ይዘጋል። የእድሩ ጸሐፊ እትዬ ቤተል "የኔ ምድጃና የዚያ ትናንት የተወለደ ልጅ ምድጃ እኩል ይሞቃሉ፣ ይሄ ነው እንግዲህ" ብለው ቅሬታቸውን አሰሙ። ጻፍኩላቸው። ሊፍቱ ሰዎች ንግግር ላይ ሲሆኑ ሰምቶ እንዲጠብቅ አደረግኩ። ከርነሉ ውስጥ ያሉት ድራይቨሮችም፣ እያንዳንዱን ዕቃ የሚያሠሩት ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ የበሩም የውሃውም የዲስኩም፣ ወግ እንዲያውቁ አደረግኩ። አንዱ ሲገባ ቀድመው የገቡት ኖር ብለው ይነሳሉ። እንግዳው ሳይቀመጥ አይቀመጡም። እንግዳውም እነሱ ቆመው አይቀመጥም። ነገሩ መጨረሻ እንዲኖረው ደግሞ አንዲት መስመር ጨመርኩ፤ ልመናው ሲረዝም አንዱ "በሞቴ" ይላል፣ በሞቴ የተባለውም እሺ ይላል። በማንኛውም ቤት እንደሚሆነው ማለት ነው።

ያቺን መስመር አባቴ አሰረዘኝ።

"ሰው በሚኖርበት ቤት ግድግዳ ውስጥ ሞት አይጻፍም" አለ በጉባኤው ፊት።

"አባዬ፣ እድር እኮ ነን። ሥራችን ምን ሆነና ነው?"

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ስቆ ስቆ ሲያበቃ እጁን አውጥቶ ከአባቴ ጋር ወሰነ። እንዲያውም ከአክብሮቱ ክፍል ላይ አንዲት ቃል መጨመር የሚቻለው ሊቀመንበሩ በገዛ ድምፁ ሲናገራት ብቻ ነው ተባለ፤ ቁልፉንም ራሴ ሠራሁት። አባቴ ከዚያ ወዲህ ቃሏን ከራሱ አፍም አስወጥቷታል። ሲያጎርሰኝ እንኳ "በናትሽ" ነው የሚለው። ከርነሉ በሙከራ ማሽኔ ላይ ያለአንዳች ችግር ተነሳና እኔም ረሳሁት።

አሁን ስለ ይርጋ ልናገር፤ ጭንቀቴ ሁሉ እሱ ነው። ይርጋ አፋር በረሃ ባለው የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ውስጥ ጥገና ይሠራል። ዘመን ሳይለወጥ ወደዚያ ይገባል። ያገባ ከሚስቱ ጋር ይገባል፤ ያላገባ ብቻውን ገብቶ ውሉ እስኪያልቅ ሦስት ዓመት አይወጣም። አባቴ ዛሬ እሺ ካለ አብረን እንሄዳለን። "እናስብበት፣ ሌላ ጊዜ ተመለሱ" ካለ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ይርጋን በስክሪን ነው የማየው። አባቴ ደግሞ ለሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ ማለትን እንደ ነውር የሚቆጥር ሰው ነው። ይርጋን ይወደዋል። ቢወደውም ወግ ወግ ነው።

"የዛሬን ብቻ፣ አባዬ" ብዬ ጠዋት ለመንኩት።

"ሽማግሌ ቤት ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ይጠይቃል። ቆሞ የተጠየቀ ነገር አልሰማም። ከዚያ በኋላ እናያለን" አለኝ። ወዲያው ፊቱ በራ። "ስሚኝማ አስኩ፤ ሽማግሌዎቹን ከታች ተቀብዬ ስወጣ፣ ገና ሊፍቱ ውስጥ እያለን አዲሱን አስነሺው። አሮጌው ያስገባቸው፣ አዲሱ ይቀበላቸው።"

"ሊፍት ውስጥ ሰው እያለ ከርነል አይቀየርም።"

"የዓይን ጥቅሻ የምታህል ናት ያልሽው አንቺ ነሽ።"

እውነቱን ነው፣ ብዬ ነበር። ደግሞም በዚያን ቀን የአባቴን ሆድ ማስባስ አልፈለግኩም።

ምድር ቤት ማሽኑ ክፍል ውስጥ ጥልፍ ቀሚሴን እንደለበስኩ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ የሰፈሩ ሰው የሩፋኤልን ጠበል ፍለጋ ግቢ ወጥቶ ሲንጫጫ ይሰማኛል። አባቴ በሬዲዮ ሹክ አለኝ። "ገብተናል። አሁን።" ማስነሻውን ተጫንኩት። መብራቱ ጠፋ፣ የውሃው ፓምፕ ተንፍሶ ዝም አለ፣ በባትሪ የሚሠራው የማሽኑ ስክሪን ላይ ነጫጭ ጽሑፍ መውረድ ጀመረ። ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ።

የመጨረሻው መስመር "ዲስክ፦ እየጠበቅኩ ነው" ይላል።

እኔም ጠበቅኩ። ምንም የለም።

"አስካለዬ" አለ አባቴ በሬዲዮ፣ እንግዳ ፊት በሚያወጣት ለስላሳ ድምፅ። "ቆመናል መሰለኝ።"

"ትንሽ ደቂቃ፣ አባዬ።"

መጀመሪያ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረግኩ፤ አጥፍቼ አበራሁት። እዚያው መስመር ላይ ቆመ። ከዚያ የዲስኩን ድራይቨር ነገር ጠረጠርኩ፤ ዲስኩን የሚከፍተው ድራይቨር ራሱ ዲስኩ ውስጥ ከተቀመጠ፣ ቁልፍን ቤት ትቶ በር እንደ መቆለፍ ነው። ይህ ያልደረሰበት ከርነል ሠሪ የለም። ላፕቶፔን ሰክቼ በማዳኛ ፍላሽ ገብቼ አየሁ፤ ድራይቨሩ በቦታው አለ። የዲስኩን ስም ተሳስቼ ይሆን? ስሙም ትክክል ነው። ገመድ ነቅዬ ሰካሁ። ሚሞሪውን አውጥቼ በቀሚሴ ጥልፍ ጠረግኩት፤ እናቴ ብታየኝ ትጮህ ነበር። በመጨረሻ ከርነሉን በሆድህ ያለውን ሁሉ ተናገር ብዬ አዘዝኩትና እንደገና አስነሳሁት።

ተናገረ። በር እየጠበቀ ነው። ውሃ እየጠበቀ ነው። ምድጃ እየጠበቀ ነው። ሊፍት እየጠበቀ ነው። ዲስክም እየጠበቀ ነው። ማን ማንን እንደሚጠብቅ ግን አንዱም አይናገርም። የተሰበረ ነገር የለም፣ የጎደለ የለም፣ ስህተት የሚል ቃል እንኳ የለም። እንደዚህ ጨዋ ሆኖ የቆመ ማሽን በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ደሜ ፈላ።

በሩ ተበርግዶ ተከፈተና እትዬ ቤተል ገቡ፤ ከራስ እስከ እግር ዝናብ አበስብሷቸው፣ ነጠላቸው ላያቸው ላይ ተለጥፎ። እንዲህ ደስ ብሏቸው ያየኋቸው መቼ እንደሆነ እንጃ።

"አስካለ፣ ስልኬ የለሽም አለኝ" አሉ። "ባዶ ሕንፃ፣ የሌለ ነዋሪ ይላል። ከሌለሁማ ብዬ ዝናቡ ውስጥ ጨፈርኩ። ማን ያየኛል?"

"እትዬ ቤተል፣ ሽማግሌዎቹ ሊፍት ውስጥ ናቸው።"

"አውቃለሁ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ተንጠልጥለዋል። አሁን እነሱን ነው የምልሽ። ነይ ስሚያቸው፣ ጉድ ነው።"

ላፕቶፔን አቅፌ ተከተልኳቸው። አራተኛ ፎቅ ላይ የሊፍቱ በር በጣት ስፋት ገርበብ ብሎ ቆሟል። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ሊፍቱ ውስጥ ለአዛውንት ተብላ ከግድግዳው የምትዘረጋ አንዲት ወንበር አለች።

"ኧረ ይቀመጡ፣ ጋሽ ማክቤል" ይላል አባቴ።

"እርስዎ ቆመው? አይደረግም" አሉ ጋሽ ማክቤል። ጋሽ ማክቤል የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ናቸው፤ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው አገር ያውቃል።

"እኔ እኮ ባለቤት ነኝ።"

"ባለቤቱን አስቁሞ የሚቀመጥ ምን ዓይነት እንግዳ ነው? ይልቅ ጋሽ አሜን ይቀመጡ።"

"እኔ? ታላላቆቼ ቆመው?" አሉ ጋሽ አሜን።

"ታዲያ ጋሽ ሮቤል?"

"ኧረ በስመ አብ" አሉ ሦስተኛው ሽማግሌ። "እናንተ ሳትቀመጡ ዓይኔንም አላሳርፍባት።"

"እንደዚያማ አይሆንም። ጋሽ ማክቤል፣ ይቀመጡ እባክዎ" አለ አባቴ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሮ።

"ሊፍቱ ከቆመ ጀምሮ ይኸው ናቸው" አሉኝ እትዬ ቤተል በጆሮዬ። "አንድም ሰው አልተቀመጠባትም።"

ያኔ ገባኝ። ምድር ቤት ያለው ማሽን ውስጥም ይኸው ነው የሚሆነው። ዲስኩ ገባ፣ ሁሉም ኖር ብሎ ተነሳለት። አሁን ዲስኩ እናንተ ተቀመጡ ይላል፣ እነሱ ኧረ እርስዎ ይቀመጡ ይላሉ። ሁሉም ጨዋ ነው፣ ሁሉም ቆሟል። ከርነሉ የሙከራ ማሽኔ ላይ የተነሳው፣ ዲስኩ እዚያ ብቻውን ስለነበረ ነው፤ የሚነሳለትም የሚለምነውም አልነበረም። ሳቄ መጣ። ደረጃው ላይ ዘፍ ብዬ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ።

"ይቺ ልጅ ለየላት" አሉ እትዬ ቤተል።

እዚያው ደረጃው ላይ እየተንከተከትኩ የተሰረዘችውን መስመር መልሼ ጻፍኳት። ማሽኑ እንዲረዳው ኮምፓይል አደረግኩት። ከዚያ ላፕቶፑ እንደሚጠበቀው ጠየቀኝ፤ የሊቀመንበሩን ድምፅ። ላፕቶፑን ወደ ስንጥቁ አስጠጋሁት።

"አባዬ፣ አገኘሁት። ያሰረዝከኝ መስመር ናት። መልሻታለሁ። ቃሏን ተናገራትና ሕንፃው ይነሳል።"

"የቷን ቃል?"

"ታውቃታለህ።"



"ልጄን ሊጠይቁ በመጡ ሰዎች ፊት ሞት አልጠራም" አለ አባቴ። "በጉባኤ ተናግሬያለሁ። ሌላ ዘዴ ፈልጊ።"

"ሌላ ዘዴ የለም።"

"አንቺ ከርነሉን የሠራሽ፣ ይጠፋሻል?"

"አንተ ቁልፉን ያሠራህ፣ አባዬ።"

"አቶ ኢዮስያስ" አሉ ጋሽ ማክቤል በትሕትና፣ "እንደው ካልሆነስ እዚሁ ቆመን ብንጠይቅዎ?"

"ኧረ ነውር ነው። ሽማግሌ ቆሞ አይጠይቅም። መጀመሪያ ይቀመጡ።"

"እርስዎ ቆመው?"

ስልኬ ጮኸ። ይርጋ ነው። በወጉ መሠረት መምጣት ስለማይገባው ከመንገዱ ማዶ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ሕንፃውን ያያል።

"አስኩዬ፣ መብራታችሁ ጠፍቷል። ሽማግሌዎቹም ስልክ አያነሱም። አባትሽ እምቢ አሉ እንዴ?"

"አላለም። ሽማግሌዎቹ ገና አልተቀመጡም።"

"እስካሁን?"

"እስካሁን።"

ቀስ ብሎ "ብቻዬን አልሄድም እኮ" አለኝ። መሄድ ግድ እንደሆነበት ሁለታችንም እናውቃለን። ሳቄ ጠፋ። እውነት ፈራሁ። ሦስት ዓመት እሱ በረሃ ላይ፣ እኔ እዚህ በስክሪን "ትሰሚኛለሽ?" ስንባባል ታየኝ። ያውም አራት ጨዋ ሰዎች አንዲት ወንበር ላይ መቀመጥ አቅቷቸው። ስልኩን ዘግቼ ግንባሬን የሊፍቱ በር ላይ አሳረፍኩ።

"አባዬ" አልኩት። "እባክህ።"

ውስጥ የሆነ ነገር ተንኳኳ። ጋሽ ማክቤል "ዋይ ጉልበቴ" ሲሉ ሰማሁ፣ ከዚያ የልብስ መንኮሻኮሽ፣ ከዚያ የአባቴ ድምፅ ደንግጦ ከሆዱ ወጣ።

"በሞቴ ጋሽ ማክቤል፣ በሞቴ ይቀመጡ!"

ላፕቶፑ ጭል አለና ተቀበለ።

ጋሽ ማክቤልም ተቀመጡ፤ በሞቴ ተብለው ምን ያድርጉ። የወንበሯ ሲጥታ እስከኔ ድረስ ተሰማ። አዲሱን ከርነል ወደ ማሽኑ ላክሁት። ላፕቶፔ ላይ መስመሮቹ እየተንደረደሩ ወረዱ፤ ዲስክ ተቀመጠ፣ በር ተቀመጠ፣ ውሃ ተቀመጠ፣ ምድጃ፣ ፓምፕ፣ ኮሪደር፣ ሊፍት፣ ሁሉም ተራ በተራ እሺ እያለ። መብራቱ ቦግ አለ። ቧንቧዎቹ ውስጥ ውሃው ሲሮጥ ግድግዳው አንጎራጎረ። የእትዬ ቤተል ስልክ ጮኸ፤ "መጣሁ፣ አለሁ" አሉ ለራሳቸው፣ ትንሽ ቅር ብሏቸው።

ሊፍቱ መውጣት ጀመረ። እኔ ደረጃውን ሽቅብ ሮጥኩ፤ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ላፕቶፑን በብብቴ ይዤ። ዘጠነኛ ፎቅ፣ ቤታችን ደጃፍ፣ ከሊፍቱ እኩል ደረስን። ሊፍቱ ቆመ። በሩ ግን አልተከፈተም።

ከውስጥ የጋሽ ማክቤል ድምፅ መጣ። "አቶ ኢዮስያስ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ነው የሚጠይቀው ብለዋል። ይኸው በእርስዎ ልመና ተቀምጫለሁ። ልጅዎን አስካለን ለልጃችን ለይርጋ እንዲሰጡን መጥተናል።"

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ያቺን አጠራረግ አውቃታለሁ። "አክብራችሁ መጣችሁ፣ እናመሰግናለን። እንግዲህ ከዘመድ ተማክረን እናስብበት፣ መስቀልን አሳልፋችሁ ብትመለሱ..."

"አቶ ኢዮስያስ" አሉ ጋሽ ማክቤል። "በሞቴ።"

በሩ አሁንም አልተከፈተም።

"አስካለ" አለ አባቴ። "በሩን ክፈቺው።"

"አልችልም። ሊፍቱ ልመና ሰምቷል። በሞቴ የተባለው ሰው መልስ ሳይሰጥ ማንም አይንቀሳቀስም።"

"ይሄንንም አንቺ ነሽ የጻፍሽው?"

"ጉባኤው ነው ያዘዘኝ። ከፈለግክ ቃሏን ማንሳት ትችላለህ፣ ድምፅህ ይበቃል።"

ላፕቶፑን በሩ ላይ ለጥፌ ጠበቅኩ። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ትንሽ አስፈርቶኛል፤ ሰው እሺ እስኪል ድረስ የማይከፈት በር ሠርቻለሁ። ማስተካከል አለብኝ ብዬ አሰብኩ፣ ከሠርጉ በኋላ።

ከውስጥ አንድ ሰው መሳቅ ጀመረ። አባቴ ነው። ሲስቅ ትከሻው ግድግዳውን ሲመታው ይሰማኛል። ሽማግሌዎቹም ተከተሉት፤ ሊፍቱ በአራት ሰው ሳቅ ተንቀጠቀጠ።

"ሰጥቻለሁ" አለ አባቴ። "ሰጥቻለሁ፣ እንግዲህ ምን ይደረጋል።"

ከኋላዬ ደረጃውን የወጡት እትዬ ቤተል እልል አሉ። እልልታው ፎቅ በፎቅ ወረደ፤ ዝናቡ ውስጥ ያሉት ለምን እንደሆነ ሳያውቁ ተቀበሉት። ይርጋ ከመንገዱ ማዶ ወጉን ሁሉ ጥሎ ሲሮጥ በኮሪደሩ መስኮት አየሁት። የግቢው በር አውቆት ተከፈተለት።

የሊፍቱም በር ተከፈተ። አራቱ ቆመዋል፤ አባቴ ዓይኑን እየጠረገ፣ ጋሽ ማክቤል ተደግፈውት።

"ይውጡ፣ ጋሽ ማክቤል" አለ አባቴ።

"ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።"

"እንዴት ተደርጎ? ጋሽ አሜን፣ እርስዎ..."

"በሞቴ" አልኳቸው እኔ።

አራቱም እኩል ወጡና በሩ ላይ ተጣበቁ።